ስፖኪዮ ያላየው

ከካሰል ወደ ደቡብ ነው፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ በኅዳር፤
ዝናብም አይባል፣ ጉምም አይባል፣ ብቻ ርጥብ ነው ዳር ለዳር።
ከወንበሬ ኋላ የወንድሜ ልጅ፣ ትርሲት፣ ተኝታለች፤
ግማሽ ሙዝ እንደ ጨበጠች መስኮቱን ተደግፋለች።

መንጃ ፈቃዴ ገና አራት ወሩ፤
ሦስቴ ወድቄ ነው ያለፍኩት፤ አይወራ፣ ይቅር ዝርዝሩ።
መምህሬ ሄር ብሩንከ፣ ጡረታ የደረሰ፣ ሳል የማያጣው፣
በየመግቢያው ትከሻዬን በጣቱ ነካ እያደረገ ይህንኑ ነበር የሚያወጣው፤
«ስፖኪዮ ይዋሻል። እሱ የደበቀውን አንገትሽ ያምጣው።»

ለፈተናው ዞሬያለሁ፤ ፈታኙ እንዲያይልኝ አጋንኜ፣
እንደ ጉጉት አንገቴን አሽከርክሬ፣ ታዛዥ ሆኜ።
ካርዷ ቦርሳዬ ከገባችልኝ
አንገቴ የራሴ ሆነ፤ ማን ሊያዘኝ።

ከማደያው ወጣሁ። መግቢያው አጭር ነው፣ እየጠበበ ያልቃል፤
አሮጌዋ ኦፔሌ ነዳጅ ተረግጦባት እስክትነቃ ጊዜ ይፈልጋል።
ፍሬቻ አሳየሁ። ስፖኪዮ አየሁ፤ ባዶ፤
ጥቁር መንገድ ብቻ፣ ዝናብ የላሰው፣ ከኮረብታው ወርዶ።

ስለ ምን እያሰብኩ ነበር? ልናገረው፣ ያሳፍራል፤
ሽንት ቤት ከፍዬ የሰጡኝ ኩፖን የት ገባ? አንድ ዩሮ ያወጣል።
ኩፖኑን እያሰብኩ
መሪዬን ወደ ግራ ሰበር።

ያን ጊዜ ነው ክላክሱ የመጣ፤
ከጆሮዬ ሳይሆን ከጎድን አጥንቴ የወጣ።
በግራ መስኮቴ ግድግዳ በቀለ፤ ግድግዳው ይሮጣል፤
ጎማው ከራሴ ይበልጣል፤
ጎኑ ላይ ቲማቲም ተሥሏል፣ የበር ስፋት የሚያህል፣
እጄን ብዘረጋ እነካዋለሁ፣ መስታወት ብቻ ነው በመሐል።
ፍሬኑ ጮኸ፤ ተሳቢው ወገቡ እንደ ተሰበረ ተወዛወዘ፤
ወደ ሣሩ ሸሸሁ፤ መሪው እንደ ዓሣ ሲወራጭብኝ ጣቴ ፈዘዘ።

ስንት ሰከንድ ነው? ሰው ሲያወራው ያረዝመዋል።
እኔ «ወይኔ» ልል ነበር፤ «ወይ» ላይ ሳለሁ አልፏል።
ከዚያ የዝናብ መጥረጊያው ብቻ፣ ወዲያ ወዲህ፣ ወዲያ ወዲህ፣
ምንም እንዳላየ ታማኝ ሎሌ።

ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ላይ ማረፊያ አለ። ገባሁ። እሱም ገብቶ ቆሟል፤
ቲማቲሙን አይቼ አወቅሁት፤ ሞተሩ ገና ይተነፍሳል።
ይቅርታ ልል ወረድኩ፣ በስንት ቋንቋ እንደምሰደብ እየቆጠርኩ።
ሰውየው ቀጭን ነው፤ የሊትዌኒያ ታርጋ፣ የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ፤
ሲጋራ ሊለኩስ ይታገላል፤ እሳቱ ሦስቴ በራ፣ ሦስቴ ጠፋ፣ ከጣቱ ጋር አልስማማ።
ነፋስ አልነበረም።
እጁ ነው።

አፌን ከፈትኩ፤ የተማርኩት ጀርመንኛ ሁሉ ተበተነ።
አልፎኝ ሄዶ በኋላው መስኮት ወደ ውስጥ አየ፤ ፊቱ አመድ ሆነ።
ከዚያ የራሱን ግራ ትከሻ በመዳፉ ሁለቴ መታ፤
ጋቢናው ወጥቶ በሩን ዘጋ፣ ያለ ስድብ፣ ያለ ሰላምታ።
ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ ስድብ ሰው ይረሳል።

ወንበሬ ላይ ተመልሼ፣ ጉልበቴ እስኪረጋ፣
«ደግነቱ ተኝታ ነበር፤ ምንም አላየች» ስል በሆዴ፣
ከኋላዬ ድምፅ መጣ፤
«አክስቴ፣ ትልቁ ቲማቲም ሄደ እንዴ?»

ስንወጣ መግቢያው እንደገና አጭር ነበር።
ፍሬቻ። ስፖኪዮ። ባዶ።
አላመንኩትም፤ አንገቴን አዞርኩ።
ትርሲት በጠቆረው ሙዝ ጉንጯን ሞልታ ታየኛለች፤
ከሷ ማዶ መንገዱ፣
መንገዱ ላይ አንዲት ቀይ መኪና፣ ስፖኪዮ ያልነገረኝ፣
እየመጣች ነበር። ጠበቅኋት።
አለፈች።