የሻማው ቀመር

ትብሊሲ ላይ መብራት ከሄደ ሰንብቷል፤
በረንዳው ጥግ ድረስ በረዶ ተቆልሏል።
ናቴላ ብቻዋን ደብተሯን ዘርግታ
ከሒሳብ ጥያቄ ትታገላለች ማታ፦
«ባቡሩ ከጣቢያው ዐሥር ኪሎ ሜትር ርቆ...»
ባቡሩማ ቆሟል፣ ነዳጅ ከሀገር አልቆ።

ዘጋችው መጽሐፉን። ማስመሪያ አነሣች፤
ሻማውን ለክታ «ዐሥራ ስምንት ሴንቲ» አለች።
ይህ ነው መነሻው፤ ክብሪቱ ሳይጫር፣
ኤክስ ገና ዜሮ ሆኖ፣ ሰዓት ሳይቆጠር
የነበረን ነገር።
ከዚያ ቁልቁለቱ፦
በየሰዓቱ ሦስት ሴንቲ፤ ሲቀነስ ነው ምልክቱ።
ዋይ እኩል ይሆናል
ሲቀነስ ሦስት ኤክስ፣ ሲደመር ዐሥራ ስምንት።
መስመሩን ሳበችው ከላይ እስከ ታች፤
«እማ፣ በስድስተኛው ሰዓት ድርግም ነው» አለች።

እናቷ ማኳላ፣
አሮጌ ሹራብ ተርትራ ለካልሲ የምትጠቀልለው፣
«ልክ ነሽ፤ እኔን ግን አላስገባሽም» ብላ
እፍ አለችበት፣ ሦስተኛው ሰዓት ሲሞላ።

በማግሥቱ ማታ ናቴላ ቀመሯን ስትገልጥ
ቁልቁለቱን ተወችው፤ ሰም ጠባዩን አይለውጥ።
ዐሥራ ስምንቱን ሰርዛ ዘጠኝ ጻፈችበት፤
ከጎኑ፣ በደቃቅ ፊደል፦ «እማ እፍ ያለችበት»።