የጥለቱ ጀርባ

ናይፍ ገበያ፣ ዓርብ፣ ከዐስር ሶላት ኋላ፣
ትርሲት ሱቄ ገባች፣ ለእህቷ ሠርግ ብላ።
ከሻርጃ ድረስ ነው፣ በሁለት አውቶቡስ፣
በወር አንድ ዕረፍቷን ሰውታ ለቀሚስ።

«የሽሮ ሜዳ ነው?» አለች ዓይን ዓይኔን አይታ።
«ሌላስ ከየት ሊሆን!» አልኩ ሳላመነታ።

ጥለቱን ገልብጣ ጀርባውን ስታየው፣
ፊቱ አበባ ሆኖ ጀርባው ወና ነው።
ከአንገቱ ሥር ደግሞ፣ ትናንት የቆረጥኩት
የቻይና ምልክት፣ ጉቶው ቀርቶበት።

እኔ የሸማኔ ልጅ፣ ጉድጓድ ዳር ያደግሁት፣
መወርወሪያ ሳቀብል ጣቴን የላጥሁት፣
አውቃለሁ፤ የእጅ ጥለት ከኋላም ይናገራል፣
የታተመው ግን በፊቱ ብቻ ይምላል።

ዝም አለች። ዝም አልኩ። የሱቁ ኤሲ ያጓራል።

ኋላ ሳቅ አለችና፣ «በቃ፣ ጠቅልለው፤
ሽሮ ሜዳ ለነሱ ደጃፋቸው ነው፤
‹ከዱባይ ላከች› ነው ሠርጉን የሚያደምቀው።
ፌስታሉ ላይ ብቻ የሱቅህ ስም ይኑር፣
በዐረብኛ ይሁን፣ ሰው አይቶ እንዲመሰክር።»

ሃያ ድርሃም ቀነስኩ፤ ፌስታል ደረብኩላት፤
ጀርባውን ወደ ውስጥ አድርጌ አጠፍኩላት።