ሦስተኛው ጥቅል

ጣልያን ሲሸሽ ጥሎት በሄደው ሲኒማ፣
ፒያሳ መሃል ላይ፣ በጎንደር ከተማ፣
ትኬት ቀዳጅ ነበርሁ።

አንድ ቀን ከሰሜን፣ በእንግሊዝ መኪና፣
ክብ ክብ ቆርቆሮ ተጭኖ መጣና፣
«ሙዚቃም ሣቅም ነው፣ ጦርነት የለበት»
አለን ሹፌሩ፤ ሰው ጎረፈ ለማየት።

እንግሊዝኛውንስ ማን ሰምቶ፣ ማን ያውቃል?
ቢያድግልኝ አለ፤ እሱ ይተረጉማል።
ቅኔ ተምሮ ነው ከጎጃም የመጣ፣
ኮቱ የወታደር፣ ጫማው የተዋጣ።
ከሸራው ጥግ ቆሞ፣ በአርጩሜ እያሳየ፣
ከሰማው ያልሰማው እየበዛ ታየ።

ሸራው ላይ ለንደን ነው። ዝናብ። ጓንት ሻጭ ልጅ።
ባለ ረጅም ቆብ፣ ቀጭን ሰው ከደጅ፣
ኩሬ ውስጥ ይወድቃል። ከዚያም ብቅ ሲል፣
ቆቡ ውስጥ ዳክዬ ተቀምጣለች፤
እሱ ግን ይዘፍናል፣ ውሃ እየተፋ።

«ምን አላት? ምን አላት?»
ቢያድግልኝ ጉሮሮውን ጠረገ፦
«ቅዳሜ ገበያ ጥጥ ስትመዝኚ
ሦስት ጊዜ አለፍሁ፣ ቀና ብለሽ ሳታዪኝ፤
ከሚዛንሽ ልውጣ፣ ስንት ነኝ? መዝኚኝ!
ነው የሚላት።»

ሸራው ላይ ጥጥ የለም፤ ሚዛንም የለበት፤
የጥጥ ነጋዴዋ ሦስተኛው ረድፍ ናት፣
የሺሐረግ። እኔ ግማሹን የቀደድሁትን
ትኬት ነክሳለች፣ እንዳይወጣ ሣቋን።

ከዚያ ሸራው ላይ ጥል። በር ተዘጋ፣ ድርግም፤
ቆቡ ደጅ ላይ ቀረ፤ ዝናቡም አላቆም።
ሁለተኛው ጥቅል አለቀ።
ሦስተኛው የለም።
ሊማሊሞ ላይ ነው፣ መኪናው ሲያጋድል፣
ከቆርቆሮዎቹ አንዱ የገባው ገደል።

አራተኛው ዞረ፦ ደወል፣ አበባ፣ ሠርግ፣
ሃያ ሴት በመስመር እግር ስታነሣ።
«ቆይ እንጂ! እንዴት ታረቁ?» አለ አንድ ባለ ከዘራ፤
«ገንዘባችን ይመለስ!» አለ ሌላው ከኋላ።
ዓይን ሁሉ ወደ ቢያድግልኝ።

እሱም ሳያስበው መብራቱ ፊት ተተክሎ፣
ጥላው ሸራው ሞላ፣ የፋሲል ግንብ አክሎ፤
አፉን ከፈተና፣
ምንም።
ቅኔ ሲዘርፍ የኖረ ሰው፣
ለአንድ ጥቅል የሚሆን ቃል አጣ።

ያኔ ከጨለማው፣ ከሦስተኛው ረድፍ፣
«ሽማግሌ ልኮ ነዋ!»
አለ አንድ የሴት ድምፅ።

ቤቱ በሣቅ ተናደ። እንግሊዙ ሹፌር
ሆዱን ይዞ ሣቀ፣ ምንም ሳይገባው።

በሳምንቱ እሑድ፣ ቅዳሴ ሲወጣ፣
ሦስት ባለ ጋቢ ከአባቷ ደጅ መጣ።
አንደኛው ያ ባለ ከዘራ ነበር፤
ገንዘቡ አልተመለሰም፣ ነገሩን ግን ጨረሰ።

ዛሬ ሁለቱም የሉም። የሲኒማው ቢጫ ቀለም ተልጧል።
አንዳንድ ሰው ይጠይቀኛል፣ ያ የጠፋው ምን ነበረበት እያለ።
እኔ እንጃ።
ሊማሊሞ ገደል ጭላዳ አግኝቶት ይሆናል፤
በጥቁር ጣቶቹ ፈትቶ፣
ፀሐይ ላይ ወጥሮ፣
ቀጭኑን ሰው፣ ዝናቡን፣ የተዘጋውን በር፣
አንድ በአንድ እያሸተተ ያየዋል፣
ያለ አስተርጓሚ።