የፉርጎ ብሎን

ድሬ፣ መጋላ ላይ፣ «ውጅግራ ነው» አሉኝ፤
«ቢበዛ ስናድር» እያሉ አጃጃሉኝ።
ዝገቱን በላምባ ሳሽ ስፈትግ ከርሜ
ፊደል ብቅ አለልኝ፤ አየሁት ደጋግሜ፤
የአሜሪካን ሥራ፣ አፈሙዙ ነጠላ፣
አንድ ጎርሶ አንድ ተፍቶ የሚጠብቅ ሌላ።

ዘመኑን ልለይ ብዬ ከእንጨቱ ስፈታ፣
ቁጥሩ ከሚመታበት ከድብቁ ቦታ፣
አንድ ብሎን አገኘሁ። የእነሱ አይደለም።
እንዲህ ያለ ጥርስ እዚያ ፋብሪካ የለም።
ይኼስ የፉርጎ ነው፤ የምድር ባቡር ንብረት፤
ቶርኖ ላይ ያጠረ፤ ራሱ ላይ የሞረድ ጭረት፤
ጭረቱም ያዘመመ ወደ ግራ።
አባቴ ኡመርዲን በግራው ነበር የሚሠራ።

«ብሎኑ» አለኝ ገዢው፣ «እንዳይሆን ተቀይሯል፤
ኦሪጅናል አይደለም፤ ዋጋው ተሰብሯል።»
በሰበርከው ውሰድ፣ አልጨቃጨቅም አልኩት፤
ብሎኑን ግን ፈትቼ ከኪሴ ከተትኩት።