የእርሳስ ማኅተም

ሠላሳ ዓመት ሙሉ በከፊራ መሐል
ሚዛን ስመዝን ኖርኩ።
ሆዱ የተቦረቦረ ኪሎ መዳፌ ያውቀዋል፤
ከሥሩ ሰም የለጠፉበት ሳህን ዓይኔ ይለየዋል።
የተስተካከለውን በሽቦ ጠርቅሜ፣
እርሳሱ ላይ ታትሞ ዓመቱና ስሜ፣
«ሽጪበት» እላለሁ፤
«ቢጎድል እኔን ጥሪኝ፣ እጠየቃለሁ።»

መይሙና ማንጎ ትሸጣለች፣ ከመግቢያው በስተግራ፤
የአርባ ሴት እቁብ ሰብሳቢ፣ በደብተር የምትመራ።
ልጇ ነው «ደብተር ይብቃሽ» ብሎ ስልኳ ላይ የጫነላት፤
ከዚራ፣ ፎቅ ላይ ያሉ ልጆች ሠርተው የሸጡላት።
ከታች አረንጓዴ ቁልፍ ነበር፣ «እስማማለሁ» የሚላት፤
ተጫነችው።
ማን ያነባል፣ ፀሐይ ማንጎዋን እያሞቀባት?

ደቻቱን ታውቁታላችሁ።
እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ አሸዋው ላይ ግመል ተኝቶ፣
ደንገጎ የዘነበው ዝናብ ሌሊት ይደርሳል ጎርፍ ሆኖ፣ ሞልቶ።
እንደዚያ መጣ።
አንድ ሐሙስ፣ የት እንደዘነበ ሳይታወቅ፣
የአርባ ሴት ገንዘብ ታጥቦ ሄደ፤ ኮሽ ሳይል፣ በር ሳይነቃነቅ።

አብሬያት ፎቁን ወጣሁ።
ልጁ ትሑት ነው፤ ወንበሩን ለቆላት ተነሣ።
ቀዳዳውን ከጥር ጀምሮ ያውቀው ኖሯል፤ «ልንደፍነው ስንል ሥራ በዛ፣ ተረሳ።»
ከዚያ ውሉን አወጣ፤ ሃያ አንደኛው ገጽ፣
«እንዳለ ተረክበዋል፤ ለጉዳቱ አንጠየቅም» የሚል አንቀጽ።
መይሙና ወደ እኔ ዞረች፦
«የበሰበሰ ማንጎ ብሸጥ ደንብ አስከባሪ ቅርጫቴን ይገለብጣል፤
እነዚህን ማን ይቀጣል?
ያንተ እርሳስ የታል እዚህ?»

አሁን መመሪያ እየተረቀቀ ነው አሉ፤ አዳራሽ ተጠራን።
ቀዳዳ ያወቀ በስንት ቀን ይድፈን፣ ለጠፋው ማን ይካስ፣ ተባለ።
«መንግሥት እጁን ካስገባ ሥራው ይሞታል» አለ አንድ ጎረምሳ።
ይህንኑ ቃል ሥጋ ሻጮቹ ብለውኛል፣ ሚዛናቸውን ስነካ፤
ሥጋው ግን ዛሬም ይሸጣል፣ ኪሎው ኪሎ ሆኖ ሲለካ።

ደግሞ አልዋሽም፤
ማኅተሙን በሁለት ኪሎ ሽንጥ የሸጠ ባልደረባ ነበረኝ።
እኔም አንድ ግንቦት፣ ሙቀቱ ራሴን ሲያዞረኝ፣
ሳልፈትን አትሜ አልፌያለሁ።
ዓይን የሌለው ማኅተም እርሳስ ነው፤ ይህን አውቃለሁ።

ትናንት መይሙና መጣች፤ ብብቷ ሥር ደብተር።
ስልኳን ሚዛኔ ላይ አኖረች።
መቶ ሰማንያ ግራም።
«የአርባችን ገንዘብ ውስጡ እያለስ ስንት ነበር?» አለች።
ያው ነው፣ አልኳት።
ያኔም መቶ ሰማንያ።