ሦስተኛው ኪዩብ

አምስት ኪሎ፣ ከግቢው ጓሮ፣ ቆርቆሮው ሥር ባለች ክፍል
ኪዩቦቹ ገንዳ ውስጥ ተኝተው ቀን ይቆጥራሉ እንደ አራስ፤
ጋሽ ይመኑ አንዱንም አያወጡ ሃያ ስምንቱ ሳይደርስ።
ሲሚንቶ ይደርቃል ይላል ሰው። አይደርቅም፤
ውኃ እየጠጣ ነው የሚጠና፣
በዝምታ፣ በጨለማ፣ እንደ ቂም፣ እንደ ጽሞና።

የዱካሞ ሦስቱ ዛሬ ሞሉ።
ሰንጋ ተራ፣ ለአሥራ ዘጠነኛው ወለል አምድ ከተቦካው ተቀንሰው
የዛሬ ወር ገደማ በሚኒባስ መጡ፣ አንዱ ጭኑ ላይ፣ ሁለቱ ወንበር ይዘው፤
«ድንጋይ ደግሞ ይከፍላል እንዴ?» ቢለው
«ከተቀመጠ ይከፍላል» አለው
ረዳቱ፣ እጁን ዘርግቶ።

በሦስተኛው ፊት ላይ፣ እርጥብ ሳለ በምስማር ተጭሮ
ቀኑ አለ፣ የአምዱ ቁጥር አለ፤ ከሥሩ ደግሞ፣ ካቦው ሳያየው ኖሮ፣
አስካለ።
ማን ናት? ብለው አንገቱን ደፋ።
«ሚክሰሩ ጋ ናት፤ ሲሚንቶ የምትደፋ።»

እኔም ኮምፒውተሬ ውስጥ አንድ ኪዩብ አለኝ፣ እንደ ወንፊት የተሠራ፣
ከአሥር ሺህ ሕዋስ የተሰፋ፣ እያንዳንዱ በቁጥር የሚጠራ።
ሌት ሌት እሰብረዋለሁ። አይጮህም፤ አቧራ የለውም።
ዳገቱን አውቀዋለሁ፤ ያቃተኝ ቁልቁለቱ ነው።
ደካማ ኮንክሪት ቁልቁለት አለው፦
ያቃስታል፣ ይላላል፣ ስንጥቁም ጠጠር ባገኘ ቁጥር
ዞር ብሎ ያልፋል፣ እንደ ጨዋ ልጅ፣ ሽማግሌን እንደሚያከብር።
የጠንካራው ግን? ኩርባዬ ጫፉ ላይ ይቀራል፣
ገደል አፋፍ እንደ ደረሰ ሰው፣ ወደ ታች ማየት ይፈራል።

ሁለቱ በተራ በተራ ሄዱ። ሦስተኛው ገባ፣ ስሙን ወደኛ አዙሮ።
ጋሽ ይመኑ የሽቦውን በር ዘጉ፤ ፓምፑ ማጉረምረም ጀመረ።
አርባ ሜጋፓስካል። ስድሳ። ሰባ አምስት።
ፊቱ ላይ ፀጉር የምታህል መስመር የለችም።
ሰማንያ። ሕንፃ ቢሆን ኖሮ
ከሥሩ ቆመን ፎቶ እንነሳ ነበር።
ሰማንያ አራት።
መብረቅ እንኳ አስቀድሞ ብልጭ ይላል።

ርግቦቹ ከቆርቆሮው ላይ ተነሡ። ዱካሞ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።
አቧራው እስኪወርድ ማንም ምንም አላለ።
ስብርባሪ አነሣሁ፤ ጠጠሩ ራሱ ለሁለት ተከፍሎ
ጥቁር ሆዱ ያበራል፤ ስንጥቁ ለማንም አልዞረም፣ አቋርጦ ነው የሄደው፣ ቸኩሎ።

«እሱ ብቻ እንዳይመስልሽ የፈነዳው» አሉኝ ጋሽ ይመኑ፣ መነጽራቸውን እየወለወሉ፤
«ማሽኑም ሲጨምቅ ይወጠራል። እነዚህ የብረት እግሮች፣ ታያለሽ፣ ይሳባሉ፤
ድንጋዩ እጅ የሰጠ ለታ
ያጠራቀሙትን ባንድ ጊዜ ይለቁበታል፣ ያለ ይሉኝታ።
ቅጹ ላይ ግን የሚሞላው የሱ ብቻ ነው። ለማሽኑ መስመር የለውም።»

ወደ ሞዴሌ ተመለስኩ። ማሽን የለበትም።
ከላይ የሚጫን ቀስት ብቻ ነው የሣልኩት፤
ቀስት አይወጠርም፤ ቀስት ቂም አይዝም።
ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ስብራቱን ሁሉ
በተሰባሪው ሒሳብ ጻፍኩት።

«አለፈ?» አለ ዱካሞ።
አለፈ፣ አልነው፤ ከተጠየቀው በላይ።
ጎንበስ ብሎ አቧራውን በጣቱ ገለጠ። ስሟ መሐል ለመሐል ተቀዷል፤
«አስ» የት እንደገባ እንጃ፣
እጁ ላይ የወጣለት «ካለ» ነው።
ካለ ምን? አላልኩትም።
በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ ኪሱ ከተተው።

ውጭ የሐምሌ ዝናብ ነበር። የአራት ኪሎን ቁልቁለት ወረደ፣
ኪሱ ከብዶት ባንድ ጎኑ ዘንበል እንዳለ።
ረዳቱ የስንት ሰው እንዳስከፈለው አልሰማሁም።