ግፊት

ሃያ ሁለት ዓመቴ፣ በውሃ ቢሮ ደሞዝ፣
ከጠባሴ እስከ በሬሳ የቧንቧ ቁልፍ ይዤ ስጓዝ፤
ቧንቧ ሊፈነዳ ሲል አውቃለሁ አመሉን፣
የኅዳር ውርጭ አድሮበት ሲነፋው መሃሉን።
ደግሞ ዝም ይላል። ክፋቱ ዝምታው ነው፤
የሚያንጠባጥብማ ተናጋሪ ነው፣ ምን አለው!

እናታችን እንዲያ ናት። ሞላሌ፣ ከገበያ፣
«ጭንቅላቴ ተሰነጠቀ» አለች፣ ወደቀች እዚያ።
ምች ነው አሉና ዳማከሴ አሹላት፤
እስከ ማታ ድረስ ትንፋሽ አልቆየላት።
ወንድሜ ጌጤነህ፣ ማረሻ ሲሞርድ፣
ያንኑ ቃል ደገመ፤ ከዚያ ዝም፣ እንደ ግንድ።

«ካንድ ማህፀን ሁለት?» አለች ዶክተር ሰብለወንጌል፣ «ይኼ ምች አይደለም፤
ሳንከፍትህ እንይህ። ቢላ የለም፣ ደም የለም።»

አራግፍ አለኝ ልጁ፤ ቁልፌን፣ ቀበቶዬን፣
በሳሙና ስቤ ያወጣሁትን ቀለበቴን።
«በገላህ ውስጥስ ብረት አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።
«ከውጭ ነው» አልኩት፣ «እሱ ነው ያሳደገኝ።»

ገባሁ እንግዲህ፣ የቱቦ ሰው ቱቦ ውስጥ፣
እንዳልነቃነቅ ታዝዤ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሳዳምጥ።
ጓ! ጓ! ጓ! ይላል። ይኼን ድምፅማ አውቀዋለሁ፤
ሦስት ቀን የጠፋ ውሃ ሌሊት ሲመለስ ሰምቼዋለሁ፣
አየሩን እያስቀደመ መስመሩን ሲያንኳኳ፤
ጭንቅላቴም መስመር ኖሯል ለካ።

በኋላ ምስሉን አሳየችኝ። ሥጋ አጥንቴ ጠፍቶ፣
ደሜ ብቻ በርቶ፣
እንደ ከተማው የውሃ ካርታ ቅርንጫፉን አውጥቶ፤
ከመገንጠያው ላይ፣ ሁለት ሲሆን መንገዱ፣
የምስር ፍሬ ያክላል ጉዱ።
አራት ሚሊሜትር።

እጄ፣ ሳላዘው፣ ቁልፌን ፈለገ።
«አንነካውም» አለች፤ «በዓመቱ እናየዋለን፣ እንዳደገ እንዳላደገ።
ጨው ቀንስ፣ ሲጋራህን ጣል፣ ኪኒንህን አትርሳ።
ግፊቱን ማሳነስ ነው ዋናው ነገር።»
ለኔ! ለቧንቧ ሰው! ይኼ ይነገር?

ለመጀመሪያ ጊዜ ያበጠ መስመር አይቼ፣
ሳልቆርጥ ሳልበይድ ወጣሁ፣ ቀጠሮዬን ኪሴ ከትቼ።

ከደጅ ሆኜ ደወልኩ፣ ለታናሼ ለአስካለ።
«እኔን የሚያመኝ የለ» አለች፣ «ደግሞ የባቄላው አጨዳ አለ።»
«አስካሉ፣ ያበጠ ቧንቧ ራሴን አመመኝ ይላል?
ጉትቻሽን አውልቂና ነይ። ባቄላው ይደርሳል።»